ቃሉ አልገጠመም

ሰሞኑን አንዳችን ስለ ካናዳ የስደተኞች ይግባኝ አንብቦ መጣና በመኝታ ክፍላችን ክርክር አስነሣ። ሊፈትነን ፈልጎ፣ ለመሆኑ እዚህ ግቢ የገባነው በየትኛው ቀን ነው? አለን። በአንድ አውቶቡስ ነው የመጣነው፣ አምስት ሆነን። አንዱ ሰኞ አለ፣ ሌላው ረቡዕ፤ ሦስተኛው ዝናብ ነበር ብሎ ማለ፤ የቀረነው አቧራው እንጂ ዝናቡ ትዝ አይለንም። ማንም ማንንም ዋሾ አላለም። ስቀን ተኛን። የሳቅነው በመልሳችን ላይ የተንጠለጠለ ነገር ስላልነበረ ነው።

በካናዳ ጥገኝነት ጠያቂ በመሐላ የሰጠው ቃል፣ የሚያጠራጥር ምክንያት ካልተገኘ በቀር፣ እውነት ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የተሰጠው የማልዶናዶ ውሳኔ ነው። መልካም ሕግ ነው። ታዲያ «ምክንያት» የሚሆነው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የቃል መለያየት፤ በቅጹ የሰፈረውና በችሎት የተነገረው አልገጥም ሲል።

አንድ የኛ አገር ልጅ እዚያ ቀረበ እንበል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ከተቀጣጠለ ሁለት ወር በኋላ፣ በጥር፣ ታሰርኩ ይላል። ቅጹን የሚሞላለት ሰው ቸኩሎ ሰባት ዓመት ይደምርና ጃንዋሪ 2015 ብሎ ይጽፋል። ከጥር ጀምሮ ግን የሚደመረው ስምንት ነው። እንግዲህ ልጁ ተቃውሞው ሳይጀመር አሥር ወር ቀድሞ ታሰረ! በችሎት ደግሞ ስለ አባቱ ሲናገር፣ ያው እንዳደገበት፣ «ወሰዷቸው» ይላል። አስተርጓሚው ብዙ ቁጥር ያደርገዋል። «ከአባትህ ጋር ማን ተወሰደ?» «ማንም።» ይኸው ሁለተኛ ቅራኔ፤ አክብሮቱ ተከሰሰበት።

ይግባኝ አለ እኮ፣ ትሉን ይሆናል። አዎ፣ የስደተኞች ይግባኝ ክፍል ከዲሴምበር 2012 ጀምሮ ይሠራል። ነገር ግን በአብዛኛው የሚወስነው መዝገብ አይቶ ነው፤ ሰውየውን አያየውም። አመልካቹ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ የሚችለውም በጠባብ በር ነው፤ ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ የተገኘ ወይም ቀድሞ እንዲያቀርበው የማይጠበቅበት ሲሆን። በ2016 የሁሩግሊካ ውሳኔ ይግባኝ ሰሚው ጉዳዩን ራሱ መርምሮ የራሱን ፍርድ እንዲሰጥ አዘዘ፤ የፊተኛው ዳኛ ምስክሩን በአካል በመስማቱ ብልጫ ካለው ግን ለሱ ሊተውለት ይችላል። እኛን የከበደን እዚህ ላይ ነው። ዐይን ምን ያያል? አቀርቅሮ የሚመልስ ልጅ እኛ ዘንድ ጨዋ ነው፤ እዚያ የሚደብቀው ያለ ሊመስል ይችላል።

ዋሾ የለም አንልም። አለ፤ እንዲያውም ታሪኩን እንደ ዳዊት ስለሚደግመው ቀኑ አይዛነፍበትም። መለያየትን ብቻ የሚያድን ችሎት የሚያጠምደው ያላጠናውን ነው።

«ታዲያ ዳኛው በምን ይለይ?» ሲል ያ አንባቢያችን ሞገተን። ልክ ነው፣ ዳኛ ልብ አይመረምርም። ሁለቱ ስሕተቶች ግን እኩል አይከብዱም፤ አንደኛው የማይገባውን ሰው ያስቀራል፣ ሌላኛው እውነተኛውን ለአሳሪዎቹ ያስረክባል። የችሎቱ ድምፅ ደግሞ ይቀዳል። ቅራኔ ተብሎ ከመጻፉ በፊት ያንን ቅጂ ሌላ አማርኛ ዐዋቂ ቢያዳምጠው፣ ልጁም «ይህ ለምን ተለያየ?» ተብሎ በግልጽ ቢጠየቅ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?