የእሳት እራቷ ማንንም ልትጠራ አልመጣችም

በሜክሲኮ ትልቋ ጥቁር የእሳት እራት ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከገባች የታመመው አይተርፍም ይባላል። በጃማይካ እሷው ራሷ ዕረፍት ያጣች የሙት ነፍስ ናት። በባሃማስ ያረፈችበት ሰው ገንዘብ ያገኛል። በሃዋይ ደግሞ የሞተ ዘመድ በእሷ አምሳል ሊሰናበት እንደሚመጣ የሚያምኑ አሉ። ፍጥረቷ ግን አንዲት ናት፤ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የመዘገባት፣ ዛሬ አስካላፋ ኦዶራታ የምትባል፣ የተዘረጋ ክንፏ ከ15 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ የሚችል፣ ስትበር የሌሊት ወፍ የምትመስል። ታዲያ ምልክቱ ያለው እሷ ላይ ነው ወይስ እኛ ውስጥ?

ሂውስተን ውስጥ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን ስለማስታምም ይህ ጥያቄ የሥራዬ ጥያቄ ነው። ክረምት በአገራችን በሚገባበት ሰሞን እነዚህ የእሳት እራቶች ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳስ ይዘልቃሉ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ አንዷ ከአንዲት ሜክሲኳዊት አሮጊት ክፍል በር በላይ ተለጥፋ ነበር። የሴትዮዋ ልጅ መጣች፣ አየቻት፣ አማተበችና እዚያው ደርቃ ቀረች። ፍርሃቷን አውቀዋለሁ፤ ጎጃም ጣሪያችን ላይ ጉጉት ሲጮህ እናቴ የያዘችውን ሥራ አቁማ «ሟርትህን ለራስህ!» ትል ነበር። ያን ማለዳ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ ዓይኗን ከግድግዳው መንቀል አቅቷት ሳለ እናቷ ውስጥ ሆነው ውኃ ይለምኑ ነበር።

የእሳት እራቷ ወደ ሰው ቤት የምትመጣው ጥላ ፍለጋ ነው። ሌሊቱን የበሰበሰ ፍራፍሬና ከዛፍ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ስትመጥ ታድራለች፤ ሲነጋ ዋሻ፣ የጣሪያ ክፈፍ ወይም የበር ጥግ ታገኝና ክንፏን ዘርግታ ትውላለች። አባጨጓሬዋ የግራርንና የግራር ዘመዶችን ቅጠል ይበላል። ኑሮዋ ይኸው ነው፤ የእኛን ሞት የምታውቅበት ምንም ነገር የለም።

«እግዚአብሔር በፍጥረት አይናገርም ወይ?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ይናገራል። ርግቧ ያመጣችው ቅጠል ኖኅን ከመርከብ ለመውጣት አዘጋጀው፤ የበለዓም አህያም ጌታዋን ከጥፋት መንገድ መለሰችው። በመጽሐፍ ያሉት ምልክቶች ሰውን ለአንድ ሥራ ያነሣሣሉ። ሟርት ግን ምንም አታድርግ፣ ዝም ብለህ ፍራ ነው የሚለው። ሁለቱን የምለየው በዚህ ነው።

ኢዮብም አለ። ልጆቹን ቀብሮ፣ ቁስሉን እየፋቀ «ለምን?» ብሎ ሲጮህ፣ እግዚአብሔር ያሳየው ስለ ሰው ጉዳይ ደንታ የሌላቸውን አውሬዎች ነው። የተራራ ፍየል ማንም ሳያያት ትወልዳለች፤ የሜዳ አህያ በከተማው ጫጫታ ይስቃል፤ ሰጎን እንቁላሏን መሬት ላይ ትታ ትሮጣለች። አንዳቸውም ለኢዮብ መልእክት አልያዙም። ፈጣሪያቸው ግን ያውቃቸዋል፤ ይወዳቸዋልም። እኔ እዚህ ውስጥ ትልቅ ማጽናኛ አገኛለሁ፦ ዓለም የእኔን መከራ ለመተርጎም አልተፈጠረችም፤ ያም ሆኖ በእጁ ናት፤ እኔም በዚያው እጅ ነኝ። እንስሳን ሁሉ የእኛ ዜና አብሳሪ ማድረግ ከፈጣሪው የተሰጠውን የራሱን ሕይወት መቀማት ይመስለኛል።

ይህን ስል በሃዋይ ሰዎች እምነት ላይ አልስቅም። ይህች የእሳት እራት ለደሴቶቹ እንግዳ ናት፤ ከሌላ ምድር ኋላ የገባች ናት። እነሱ ግን መጤዋን ፍጥረት በፍቅር ተቀበሏት። ጃማይካም ሃዋይም የሞተ ሰው ነፍስ ያዩባታል፤ አንዱ በር ይዘጋባታል፣ ሌላው ያለቅስላታል። ልዩነቱ ከሙታኖቻችን ጋር በተለያየንበት መንገድ ነው። የታረቀ ሰው እንግዳ ያያል፤ ዕዳ የቀረበት ከሳሽ ያያል።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ ያልኳት አንድ ነገር ነው፦ «ግቢ፣ እህቴ፣ ውኃ ስጫቸው።» ገባች። ከዚያ ወዲህም ደጃፍ ላይ ለሚቆሙ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ። የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሌላ ምልክት መፈለግ አያሻም፤ መታመሙ ራሱ ጥሪ ነው፤ የተጠራነውም በሕይወት ያለነው ነን።