ሶሎውን በአረፋ ጀምሮ በመስቀል የጨረሰው ልጅ

ልጆቼ፣ መዋሸት ካማራችሁ ትልቁን ዋሹ። እንዲህ ብሎ የሚመክር ሽማግሌ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔ ግን ከቀበሌ ኪነት ዘመን ጀምሮ ጊታር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ትልቁንም ትንሹንም ውሸት ሞክሬያቸዋለሁ።

ባለፈው መስቀል ወልቂጤ አንድ ሆቴል ተቀምጫለሁ። ለበዓል ከአዲስ አበባ የገባው ሰው ጣባውን ከፊቱ አድርጎ ክትፎውን በቆጮ ያነሳል። መድረክ መሪው ማይኩን ነፋ ነፋ አደረገና የባንዱን አዲስ ጊታሪስት ማስተዋወቅ ጀመረ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ከአምፑ ጀርባ ለመደበቅ እየሞከረ ነበር።

«የዚህ ልጅ እናት ምጥ የያዛት እዚህ ወልቂጤ ነው፤ የተገላገለችው ቡታጅራ። በመሃል ዞኑ ለሁለት ተከፈለና የልደት ወረቀቱን የትኛው ይስጥ በሚለው እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው!»

ወልቂጤንና ቡታጅራን አንድ ላይ ይዞ የነበረው ዞን የተከፈለው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልጁ ያኔ ጢሙን መነካካት ጀምሮ ነበር። ማን ሒሳብ ይሥራ! መድረክ መሪው ቀጠለ። ሲወለድ በትዝታ ቅኝት አለቀሰ፤ አዋላጇ ተቀበለችው። የመጀመሪያ ጊታሩን ከዘይት ቆርቆሮ ሠርቶ ክሩን ከእንሰት ቃጫ ገመደለት፤ በመታው ቁጥር ቆጮ ቆጮ ስለሚሸት ጎረቤት ሁሉ ጎመን ይዞ ይመጣ ነበር። ቡታጅራ አጠገብ ያለውን ሐረ ሸይጣንን ታውቁታላችሁ፤ ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ጋ አይደርስም የሚባልለትን ሐይቅ። ልጁ ድንጋዩን ትቶ አንድ ኮርድ ወረወረ። ኮርዱ ደረሰ። ከታች የሐይቁ ባለቤት «ሦስተኛዋ ክር ረግባለች፣ ወጠር አድርጋት!» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሶሎ በአረፋ ጀምሮ በመስቀል ጨረሰ፤ በመሃል ድራመሩ ወጥቶ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ክርስትና አስነስቶ ተመለሰ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁም እየሳቀ ወጣ፤ ሲጫወት ግን ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድም ሰው «የታለ የሐይቁ ባለቤት?» ብሎ አልጠየቀውም። ትልቅ ውሸት እንዲህ ነው፤ ሰሚውም አውቆ ስለሚቀበለው ዕዳ የለበትም። አልፎ ተርፎ ለፈሪ ልጅ መተንፈሻ ይሆነዋል። ከሐረ ሸይጣን የተረፈ ሰው ሁለት ኮርድ ቢስት ማን ይቀየመዋል?

የሚያጠፋችሁ ትንሹ ውሸት ነው። ይኸው ልጅ በሳምንቱ ለባንድ መሪው ኖታ ማንበብ እንደሚችልና አዲስ አበባ ከአንድ ስመ ጥር ድምፃዊ ጋር ሁለት ዓመት እንደሠራ ነገረው። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሰው ያምናችኋል፣ ባመነው ላይ ተነሥቶ ሥራ ይዋዋላል።

ከራሴ ልንገራችሁ። በወጣትነቴ ለአንድ ሠርግ ስንዘጋጅ ድምፃዊቷ «አንቺሆዬ ትችላለህ?» አለችኝ። «አሳምሬ!» አልኩ። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና ትዝታን እንደ ነገሩ እነካካ ነበር፤ አንቺሆዬ ግን ድምፆቹ አንዳንድ ቦታ በጣም ተጠጋግተው ሌላ ቦታ ስለሚራራቁ ያልለመደ ጣት ይጠፋበታል። ጠፋብኝ። እሷ በአንቺሆዬ፣ እኔ በባቲ፣ ከበሮው ሁለታችንንም ትቶ በራሱ መንገድ ሄድን። ሙሽሮቹ ጭፈራቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር፤ የሙሽሪት አያት «መብራት ነው እንዴ የተበላሸው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ገበያ ላይ ከሩቅ የሚያየኝ የዚያ ሠርግ ሰው ስሜን አይጠራም። «አንቺሆዬ!» ነው የሚለኝ።

በሸይጣን የሚታማው የኛ ጊታሪስት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ጆንሰን የሚባል የብሉዝ ሰው ነበር፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሰጥቶ ነው ጊታር የቻለው ይሉታል። በ1936 እና በ1937 እ.ኤ.አ. ያስቀረጸው 29 ዘፈን ነው፤ በዓመቱ በ27 ዓመቱ ሞተ። ከአሉባልታው ጀርባ ያለው ግን አይክ ዚመርማን የተባለ አስተማሪው ነው፤ ሌሊት ሌሊት መቃብር ቦታ ወስዶ ያለማምደው ነበር። ሙታን «ዝም በል፣ እንተኛበት» አይሉም። ለኔ ከሰይጣኑ ታሪክ ይልቅ ይሄኛው ይጥመኛል።

የኛውን ማሕሙድ አሕመድን ደግሞ ውሰዱ። ሊስትሮ ነበር። ከዚያ አሪዞና ክለብ ተላላኪነት ገባ፤ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከሥራ መልስ የሚዝናኑበት ቤት ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ እዚያው ዘፈነ፣ ከኦርኬስትራው ጋር እስከ አብዮቱ ዘለቀ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ይህን በ1950 ዓ.ም. መርካቶ ቆማችሁ ብትተነብዩ ኖሮ «ይሄስ አበዛው!» ተብላችሁ ትባረሩ ነበር። የጫማ ቀለሙን ሳይደብቅ ነው ታሪኩን የተረከው፤ እናንተም የቆርቆሮ ጊታራችሁን አትደብቁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። የኖታው ነገር ሲታወቅበት ከባንዱ ሊባረር ደርሶ እኔ ዘንድ መጣ። «ጋሼ፣ ይማልዱኝ» አለ። እሺ፣ ግን እውነቱን ንገረኝ፣ ማን አስተማረህ? አልኩት። ማንም። የሰላም ስዩምን ጊታር፣ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን፣ በሞባይል እየመላለሰ እየሰማ ነው የለቀመው። ቤት ውስጥ ሲያስቸግር እናቱ «ወደ ጓሮ!» እያለች ስታባርረው፣ ከእንሰቱ መሃል በርጩማ ተክሎ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ዝናብ ሲመጣ ጊታሩን በእንሰት ቅጠል ይሸፍናል፣ እሱ ይበሰብሳል።

ይህን ለባንድ መሪው ራሱ እንዲነግረው አደረግሁ። ሰውዬው ሰምቶ ዝም አለ፤ ቀጥሎ የጠየቀው የልምምድ ሰዓት ይመቸው እንደሆነ ብቻ ነው።

ለምስጋና እናቱ ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። ጓሮ ወስዳ በርጩማውን አሳየችኝ። «ይዩ ጋሼ፣ እሱ የሚቀመጥበት ጥግ ያለው እንሰት ከሌላው በልጦ አድጓል፤ ሙዚቃው ነው» አለችኝ፣ ምላም ነገረችኝ። አየሁ፣ እውነትም በልጧል። የበረቱ ፍግ የሚደፋው በዚያው ጥግ እንደሆነም አየሁ፤ ቡናዬን ጠጣሁ።