አምሳልና ምንነት፦ ስለ ሞዴል መኪና ሥራ

ሞዴል መኪና የአንድን ተሽከርካሪ ቅርጽ አሳንሶ የሚያሳይ የእጅ ሥራ ነው። ፋብሪካ አዘጋጅቶ በሳጥን የሚሸጠው ዓይነት የሚገጣጠመው በታወቀ ልኬት ነው፤ 1 ለ24፣ 1 ለ43 እና 1 ለ72 ከተለመዱት መካከል ናቸው። በአምቦና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ግን፣ እንደ አብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል፣ ሥራው የልጆች ነው። ዕቃው ከሰፈር ይለቀማል፤ ሽቦ፣ የዘይት ጣሳ፣ ቆርኪ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ። አርአያውም ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አልፎ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ቦቴውና ባለተሳቢው ይመላለሳል።

የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ አስቀድሞ ወፍራም ሽቦ አጥፎ ሻንሲውን ያወጣል። በላዩ የካቢኑንና የጭነት ቦታውን ማዕዘኖች በቀጭን ሽቦ ያስራል። ከነጠላ ጫማ ሶል በምላጭ ክብ ተደርጎ የተቆረጠው ጎማ ይሆናል፤ መሀሉ በጋለ ሚስማር ተበስቶ አክስሉ ይገባበታል። ከፊተኛው አክስል የሚነሳ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ወገብ ይደርስና ጫፉ ላይ ክብ መሪ ይታሰርበታል። ልጁ ቆሞ እየገፋ መሪውን ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ አብረው ይዞራሉ። መኪናው ሞተር የለውም፣ ማርሽ የለውም፣ መስታወት የለውም። መሪው ግን ይሠራል።

እዚህ ላይ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይነሳል። ሞተር የሌለውና ሰው የማይጭን ነገር በምን መኪና ይባላል? አምሳልስ ከአርአያው ጋር ያለው ዝምድና ምንድን ነው? ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሳኑ 10ኛ መጽሐፍ ጉዳዩን በአልጋ ምሳሌ ያየዋል። መጀመሪያ በአእምሮ ብቻ የሚደረስበት የአልጋ ምንነት አለ፤ ቀጥሎ አናጢው የሚሠራው አልጋ ይመጣል፤ ሠዓሊው የሚስለው ደግሞ የአናጢውን ሥራ መልክ ብቻ ስለሚቀዳ ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ ይርቃል። የፕላቶ ደቀ መዝሙር አርስቶትል ሌላ መንገድ ይዟል። ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳን መምሰል ከልጅነት ጀምሮ የሰው ባሕርይ እንደሆነ፣ ሰውም የመጀመሪያ ዕውቀቱን በመምሰል እንደሚያገኝ ያስረዳል። የሽቦው መኪና ለአርስቶትል ይመሰክራል። ልጁ የቀዳው መልክን ብቻ አይደለም፤ ዙሪት ከእጅ ወደ ጎማ እንዴት እንደሚተላለፍ ካልገባው መሪው አይታዘዝለትም።

ሁሉን አሟልቶ ማሳነስ ደግሞ ከቶ አይቻልም። ምክንያቱን ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል፤ የአንድ ነገር ርዝመት ሲቀየር ስፋቱና ይዘቱ በእኩል አይቀየሩም። 1 ለ24 በሆነ ሞዴል ርዝመት 24 ጊዜ ሲያንስ የገጽ ስፋት 576 ጊዜ፣ ይዘት 13,824 ጊዜ ያንሳል። 5 ሜትር የሚረዝም መኪና 21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ግን በዚሁ ልክ ይነስ ከተባለ 0.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከብዙ ሰው ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ የጣት ጫና አይችልም። ስለዚህ እጅግ ጠንቃቃ የሆነው ሠሪ እንኳ አንዱን አክብሮ ሌላውን ለመተው ይገደዳል። የሚተወውንና የሚያስቀረውን ሲመርጥ፣ ነገሩን ያንን ነገር የሚያደርገው ምን እንደሆነ እየፈረደ ነው። ልጁ ሞተሩን ትቶ መሪውን ሲያስቀር የመኪና ምንነት በሰው ፈቃድ መመራቱ ነው ብሎ ፈርዷል።

አምሳል ያለ ቃል እውነትን መናገር እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለ። ፈላስፋው ሉድቪግ ቪትገንሽታይን በ1914 እ.ኤ.አ. በማስታወሻው እንዳሰፈረው፣ በፓሪስ ፍርድ ቤት አንድ የመኪና አደጋ በአሻንጉሊቶች ተቀናብሮ ይታይ ነበር። አሻንጉሊቶቹ እንደ ተሽከርካሪዎቹና እንደ ሰዎቹ አቀማመጥ ሲደረደሩ የተፈጸመውን ይናገራሉ፤ ድርድሩ ከተሳሳተ ደግሞ ይዋሻሉ። አንድ ዓረፍተ ነገርም የዓለም ሥዕል ነው የሚለው ሐሳቡ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የሃይማኖት ጥያቄው ከዚህ ይከተላል፤ አምሳል መሥራት የፈጣሪን ሥራ መሻማት ይሆን? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየደብሩ መንበር ላይ ያለው ታቦት ለሙሴ የተሰጠው ጽላት አምሳል ነው፤ አምሳል በመሆኑም ክብሩ አይቀንስም። በዚያው በምዕራብ ሸዋ የምትገኘው የአዲስ ዓለም ማርያም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአክሱም ጽዮን አርአያ የተከበረች ደብር ናት። በሥዕል ፊት የሚቀርበውም ክብር ለተሣለው ባለቤት እንጂ ለቀለሙ አይደለም። ኦሪት የከለከለችው ምስልን ሠርቶ እንደ አምላክ ማምለክን ነው። በእስልምናም የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ኢብን አባስ ሥዕል በመሥራት ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል እንደመከሩት፣ ነቢዩም የባለቤታቸውን የአዒሻን ባለክንፍ የፈረስ መጫወቻ አይተው እንዳልከለከሏት በሐዲስ ተዘግቧል። መኪና ነፍስ የለውምና ሞዴሉ ከክርክሩ ውጪ ይሆናል። በኦሮሞ ባህላዊ እምነት በዋቄፈና ደግሞ እያንዳንዱ ፍጥረት የራሱን ማንነት የሚሰጠው አያና አለው፤ የነገሩ መሠረት ከሚታየው አካሉ ያለፈ ነውና መልኩን የቀዳ አምሳል ነገሩን ራሱን አይሆንም።

ሦስቱም ትውፊቶች አምሳልን ከአርአያው ለይቶ ማወቅን ይጠይቃሉ። ሞዴል መኪና ይህን ያሟላል። አይመለክም፣ እውነተኛ ነኝ ብሎም አያታልልም፤ ስለ እውነተኛው የታወቀውን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ዋጋው በዕቃው ውድነት ወይም በዝርዝሩ ብዛት አይለካም። የሚመዘነው ሠሪው አርአያውን ምን ያህል ተመልክቶ እንደተረዳና የተረዳውን ምን ያህል በታማኝነት እንደሠራ ነው። በዚህ ሚዛን በጣሳና በሽቦ የሚሠራው የአምቦ ልጅና ባለሳጥኑን ሞዴል የሚገጣጥመው አዋቂ እኩል ይቆማሉ፤ የሁለቱም ሥራ የማወቅ ሥራ ነው።