የተሰረቀው ዳቦ ዋጋ

ስርቆት ክፉ መኾኑን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሌባም ራሱ የሰረቀውን ሌላ ሌባ ቢነጥቀው ተበደልሁ ብሎ ይጮኻል። ነገር ግን የስርቆት ጕዳት ልኩ ምን ያህል እንደ ኾነ፥ ደግሞም በማን ላይ እንደሚወድቅ መርምሮ የተረዳ ሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ምርመራ ከትልቅ ግምጃ ቤት ይልቅ ትንሽ ዳቦ ቤት ይሻላል፤ በብዙ ሀብት ውስጥ የሚሰወረው ነገር በጥቂት ሀብት ውስጥ ገሃድ ኾኖ ይታያልና።

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ሰፈር በቀን 400 ዳቦ ጋግሮ አንዱን በ10 ብር የሚሸጥ ሰው ቢኖር፥ የዱቄቱና የእርሾው፥ የመብራቱና የቤት ኪራዩ፥ የሠራተኛው ደመወዝና የመንግሥት ግብሩ ተደምሮ ለአንዱ ዳቦ 9 ብር ቢደርስበት፥ ለራሱ የሚተርፈው 1 ብር ነው። ዳቦው ኹሉ ከተሸጠ በቀን 400 ብር ያተርፋል። ከዚህ ውስጥ 20 ዳቦ ቢሰረቅ ተመልካች «ከሃያው አንዱ ቢጐድል ምን አለበት?» ይል ይኾናል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይልም። ለ400 ዳቦ የወጣው 3,600 ብር ስለ ሌባው ብሎ አይቀንስም፤ ከቀረው ከ380 ዳቦ የሚገባው ግን 3,800 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ትርፉ 200 ብር ኾነ። ከዳቦው የጠፋው ከሃያ አንድ እጅ ሲኾን ከትርፉ የጠፋው እኩሌታው ነው። የተሰረቀው 40 ዳቦ ቢኾን ደግሞ ባለቤቱ ሌሊቱን ኹሉ በምድጃ ፊት በከንቱ ደክሞ ዐደረ ማለት ነው።

ሰራቂው ይህን አያይም። እርሱ የሚያየው ትልቁን ክምርና በእጁ የያዘውን አንዱን ዳቦ ነው፤ «ከዚህ ኹሉ መካከል አንድ ብወስድ ማን ይጐዳል?» እያለ ኅሊናውን ያስተኛል። ነገር ግን የወሰደው ከክምሩ አይደለም። ክምሩ የዱቄት ነጋዴው፥ የቤት አከራዩ፥ የሠራተኛውና የመንግሥት ድርሻ ነው፤ እነርሱም ድርሻቸውን ሳያጐድሉ ይቀበላሉ። የተወሰደው በክምሩ ጫፍ ላይ ካለችው ከጥቂቷ ትርፍ፥ ይኸውም ከባለቤቱ ልጆች ቀለብ ነው።

የሙሴ ሕግ ይህን ጕዳይ አስቀድሞ የተመለከተው ይመስላል። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው ስለ አንዱ በሬ አምስት፥ ስለ አንዱ በግ አራት አድርጎ እንዲከፍል ተደንግጓል፤ የሰረቀው ከብት በሕይወት ሳለ በእጁ ቢገኝ ግን ካሣው እጥፍ ብቻ ነው። በሬ አራሽ ነው፤ በሬውን ያጣ ገበሬም ሥጋውንና ቆዳውን ብቻ ሳይኾን የመጪውን ዓመት እርሻ ያጣል። ለዳቦ ሻጭም የዛሬው ዳቦ የነገው ዱቄት መግዣ ነው። ደግሞም የታረደ ከብት እንደማይመለስ የተበላ ዳቦም አይመለስም። የተሰረቀ ወንበር ተፈልጎ ይገኝ ይኾናል፤ ምግብ ግን ከተሰረቀ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምስክሩም ዕቃውም አብሮ ጠፍቷል።

ኾኖም የጐደለውን ኹሉ በሌባ ላይ መጻፍ ራሱ ሌላ ስርቆት ነው፤ የሰውን ስም መስረቅ ነውና። የምግብ ንግድ ሌባ ሳይገባበትም ይጐድላል። ሥጋ አጥንቱና ጅማቱ ሲለይ፥ በርበሬ ሲደርቅና ዘንጉ ሲቀነጠስ፥ ቅቤ ሲነጠር ክብደቱ ይቀንሳል። ዳቦ ይሻግታል፤ ወጥ ይኮመጥጣል፤ የቸኰለ እጅም በጭልፋው ከልክ በላይ ይጨልፋል። ቡና ሲቆላ ውስጡ ያለው እርጥበት ስለሚወጣ ከክብደቱ ከመቶ ከ12 እስከ 20 የሚደርስ እጅ ያጣል። እንግዲህ 10 ኪሎ ጥሬ ቡና ሰጥቶ 8 ኪሎ ተኩል የተቆላ ቡና የተቀበለ ባለቤት ቆይዋን ሌባ ቢላት፥ እሳቱ የወሰደውን ከእርሷ እጅ መፈለጉ ነው።

በቀድሞ ዘመን፥ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ፥ ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበረ። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፥ ወገቡን በመታጠቂያ ይዘው ይለቁታል፤ እርሱም በስካር እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ያ ልማድ ቀርቷል። ሳይቈጥርና ሳይመዝን ጕድለቱን ከጠረጠረው ሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቈርጥ ጌታ ግን ያንኑ ልጅ በልቡ ውስጥ ያስሮጠዋል።

ደግሞም የተሰረቀው ዳቦ ኹሉ ይሸጥ ነበር ማለት አይቻልም። ከላይ በተባለው ቤት በየማታው 15 ዳቦ ገዢ አጥቶ የሚያድር ቢኾን፥ 20 ዳቦ በተሰረቀበት ቀን ከገበያ የቀረው 5 ዳቦ ብቻ ነው፤ ጕድለቱም 50 ብር እንጂ 200 ብር አይደለም። የሰራቂው በደል በዚህ አይቀልለትም፤ እርሱ የተረፈውን ለይቶ አልወሰደምና። በመዝገብ የሚጻፈው ቍጥር ግን እውነትን መከተል አለበት። ጕድለቱን ያላወቀ ሰው 50 ብር ለማዳን 100 ብር የሚከፈለው ዘበኛ ያቆምና በገዛ እጁ ኹለተኛ ጊዜ ይሰረቃል።

በመዝገብ የማይጻፍ ጕድለትም አለ። አንድ ጊዜ የተሰረቀ ባለቤት ከገንዘብ ሣጥኑ አጠገብ አይነሣም፤ ማልዶ መርካቶ ወርዶ ዱቄት በደኅና ዋጋ መምረጡን ይተዋል። ታማኙ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ይፈተሻል፤ ባልሠራው በደል የሚፈተሽ ሰውም ቀስ በቀስ ለሥራው ያለው ፍቅር ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ባለቤቱ ጕድለቱን ለመሙላት ዋጋ ይጨምራል፤ ይህንንም ጭማሪ ከኹሉ ይልቅ የሚሸከመው ለልጆቹ አንድ ዳቦ ቈጥሮ የሚገዛው ድኻ ነው። ስለዚህ «ከባለሀብት ወሰድሁ» የሚል ሌባ ብዙ ጊዜ የወሰደው ከራሱ ይልቅ ከሚቸገር ሰው ነው።

እንግዲህ ሌሊቱን ሲጋግር ዐድሮ የራበው ሠራተኛ ከምድጃው አንድ ዳቦ አንሥቶ ቢበላ ምን ይባላል? ኦሪት ዘዳግም ወደ ባልንጀራው ወይን የገባ ሰው እስኪጠግብ እንዲበላ ፈቅዶ በዕቃው ይዞ እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ ፍርድ በረኃብና በመጐምጀት መካከል ወሰን ያበጃል። ብልህ ጌታ ለሠራተኞቹ የሚበሉትን ዳቦ አስቀድሞ ወስኖ በይፋ ይሰጣል፤ በወጪም ይጽፈዋል። ይህን ካደረገ በኋላ በከረጢት የሚወጣው ስርቆት መኾኑ ለሰጪውም ለወሳጁም ግልጥ ነው፤ ያን ጊዜ ትንሽ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። በእንቍላሉ ጊዜ ሳይቀጣ የቀረው ልጅ በበሬ ስርቆት ሲያዝ እናቱን የወቀሰበት ተረት ለዳቦ ቤትም የተነገረ ነው።

ነገር ግን ደመወዝ ከቀኑ የሚያሳልፍ፥ ዳቦውን ከተባለው ክብደት አሳንሶ የሚሸጥ ጌታ ይህን ፍርድ ለመፍረድ ምን ድፍረት አለው? እርሱም እንደ ሌባው ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ይወስዳል፤ ልዩነቱ የእርሱ እጅ ከሚዛኑ በስተኋላ መኾኑ ብቻ ነው። የጐደለውን የሚቈጥር ሰው ቈጠራውን ከራሱ ሚዛን ቢዠምር፥ ቀጥሎም እሳት የወሰደውን፥ ሻጋታ የወሰደውንና ስሕተት የወሰደውን ቢለይ፥ በመጨረሻ የሚቀረው ቍጥር የሌባው ድርሻ ነው፤ እርሱንም ያለ ሐሜት፥ በማስረጃ ሊጠይቅበት ይችላል። የዱቄቱን ዋጋና የሌሊቱን ድካም በሌላ ቀን ሥራ ይተካ ይኾናል። በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው መተማመናቸውን ያጡ እንደ ኾነ ግን አራት እጥፍ ካሣም ቢከፈል ያ አይመለስም።