መርጦ የሚያይ ዓይን እውነትን ያያልን?

ሰው የሚፈልገውን አስቀድሞ መርጦ ያገኘው ነገር እውነት ሊባል ይችላል? ይህ ጥያቄ ሊምፎማ የተባለውን የሊምፍ ሕዋሶች ካንሰር በፍሎው ሳይቶሜትሪ መሣሪያ በሚመረምር ባለሙያ ፊት ዘወትር ይቆማል። መሣሪያው ሕዋሶችን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያሳልፋል፤ ማንነታቸውን በዋናነት የሚናገሩት ግን ቀለም ተሸክመው የተጣበቁባቸው አንቲቦዲዎች ናቸው። አንቲቦዲ ያልተመረጠለት ፕሮቲን ሕዋሱን ቢሞላውም እንኳ ለመሣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል። ምርጫ እውነትን አያጠፋም፤ መራጩን ግን ተጠያቂ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

የምርጫውን ክብደት ሲዲ 5 ያሳያል። ቲ ሴሎች የተባሉት የመከላከያ ሕዋሶች ምልክት የሆነው ይህ ፕሮቲን፣ የሌሎቹ የመከላከያ ሕዋሶች የቢ ሴሎች ምልክት ከሆነው ሲዲ 19 ጋር በበርካታ ቢ ሴሎች ላይ ሲገኝ በዋናነት ሁለት በሽታዎች ይጠረጠራሉ፤ ብዙ ጊዜ ዝግ ብሎ የሚሄደው ሥር የሰደደ የሊምፍ ሉኪሚያና አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ማንትል ሴል ሊምፎማ። ሲዲ 23ና ሲዲ 200 ባብዛኛው በመጀመሪያው ላይ ይበራሉ፤ በሁለተኛው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይበሩም። እነርሱን የተወ መርማሪ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ሌላውን የቢ ሴል ምልክት ሲዲ 20ን ይሸፍናል፤ መድኃኒቱን በወሰደ ታካሚ ላይ ቢ ሴልን በሲዲ 20 ብቻ የፈለገ ሰው የተረፈውን ካንሰር ሊስተው ይችላል።

«ውጤቱ በመራጩ ከተወሰነ የመራጩ ፈጠራ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ግን ጥያቄን ከመልስ ያደባልቃል። እያንዳንዱ ቢ ሴል ባብዛኛው ካፓ ወይም ላምዳ ከተባሉት ሁለት የፕሮቲን ሰንሰለቶች አንዱን ይይዛል፤ በጤነኛ ቢ ሴሎች መካከል ካፓ የያዙት ላምዳ ከያዙት እጥፍ ገደማ ቢሆኑም ሁለቱም ይገኛሉ። ከአንድ ሕዋስ የተባዛ የቢ ሴል ሊምፎማ ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን ብቻ ይይዛል። ሁለቱን አንቲቦዲዎች የመረጠው ባለሙያው ነው፤ የትኛው እንደሚበራ ግን አልወሰነም፤ መልሱ ግምቱን ሊያፈርስበት ይችላል። «ታዲያ ሁሉም አንቲቦዲ በአንዴ ይጨመር» ለሚልም፣ የቀለሞቹ ብርሃን ስለሚደራረብ ደካማው ምልክት በብርቱው ሊዋጥ ይችላል። ቀለሙ ቢበዛም የትኛው ሕዋስ ተለይቶ ይቆጠር የሚለው ፍርድ ከሰው እጅ አይወጣም። የሆጅኪን ሊምፎማ ሕዋሶች ደግሞ በናሙናው ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ በተለመደው የፍሎው ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጣሉ፤ የቲሹ ናሙና በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

እንግዲህ «በእነዚህ አንቲቦዲዎች ያልተለመደ ሕዋስ አልታየም» ማለት እውነት ነው፤ በዚያ ብቻ ተመሥርቶ «ሊምፎማ የለም» ማለት ግን ከማስረጃው ማለፍ ነው። የዕውቀት መወሰን ነውር አይደለም። ወሰኑን መደበቅ ግን በደል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ምን እንደተጠየቀለትና ምን እንዳልተጠየቀለት የማያውቀው ታካሚ ነውና።