ነፍስ ምን ትበላለች?

ዘመን ሲከፋ ነፍስ በምን ትጠግባለች? ሁሩታ ከተማ ተቀምጬ ይህን ስጠይቅ መጀመሪያ የከሰስሁት ስልኩን ነው። የቲክቶክ ዝነኞች በላይቭ ስጦታ ሲሻሙ፣ ነቢይ ነኝ ባዩም ተከታይ ሲቆጥር፣ በዚህ ጫጫታ መካከል ማን ልቡን ሰብስቦ ይጸልያል? አልሁ።

ክሱ ግን አልጸናልኝም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮው ከብዶ ሳለ እንኳ ለዝክር ተበድሮ የሚደግስ አለ። የሚያስበድረው ስልክ ሳይሆን «ሰው ምን ይለኛል» ነው። እዩኝ እዩኝ ማለት በቲክቶክ አልተጀመረም፤ ከጠላው ጋንና ከድፎው አጠገብም ነበረ።

ታዲያ ከሰው ልለይ? በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ወደዚያ ይጎትተኛል። ባለታሪኩ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሃይማኖት ጠብ ሸሽቶ ዋሻ ገባ፤ በልቡናው መረመረ፤ ጾምን ሳይቀር ጠየቀ። ሊቃውንት የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደሆነ ከ100 ዓመት በላይ ቢከራከሩም ጥያቄው ዛሬም ይሠራል። ነፍስን ለመመገብ የዝነኛ ስም አያስፈልግም ማለት ነው።

ነገር ግን ስልክ ላይ ያፈጠጠውም ብቻውን ነው፤ ብቸኝነት በራሱ አያጠግብም። የዝቋላን ገዳም አሰብሁ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እዚያ ሆነው ለኢትዮጵያ ምሕረት ይለምኑ ነበር ይባላል፤ ከሰው የተለዩት ለሰው ብለው ነው። በየካቲት 2016 ግን የዚያው ገዳም አራት መነኮሳት ተገደሉ። ስለዚህ ጸሎት ከጥይት ያስጥላል ብዬ ራሴን አላታልልም።

ወደ ጾም ተመለስሁ። ሙስሊሙ ጎረቤቴ በረመዳን ተደብቆ ውኃ ቢጎነጭ ማንም አያውቅበትም፤ አይጎነጭም። እኔም በሁዳዴ እንዲሁ። ሆኖም ያልበላሁት ምሳ ለሌላ ካልደረሰ፣ በዚህ የዋጋ ንረት ከወጪ ቅነሳ በምን ይለያል?

እንግዲህ ሁለት መመዘኛ ያዝሁ፦ ማንም ባያየኝ አደርገዋለሁ ወይ? ሳበቃስ ወደ ሰው ያስጠጋኛል ወይ? ሁለቱን ካለፈ ሰንበቴም ይሁን በስልክ የሰማሁት ስብከት ምግቤ ነው።

አንድ ጥርጣሬ ግን አልለቀቀኝም። በስውር ስሰጥ ራሴን በራሴ እያየሁ ደስ ይለኛል፤ ይህን ተመልካች ላባርረው አልቻልሁም። እሱ እስኪወጣልኝ ድረስ ግን የራበው ሰው ሊጠብቀኝ አይገባም።