የአንዷ ዶላር ቴምብር

በሰሜን ወሎዋ ግራና ማሽላ ሲያሽት ወፍ ጠላት ነው። ልጆች ማማ ላይ ውለው ወንጭፍ ያስጮኻሉ፤ ግሪሳ በመንጋ የወረደበት ገበሬ የዓመት ቀለቡን ነው የሚያጣው። እዚህ ቆሞ «ለዱር እንስሳት መኖሪያ ገንዘብ እናዋጣ» ማለት ይከብዳል። እንዲህ ያለ መዋጮ ከማን ኪስ ተጀምሮ እንደተሳካ ማወቁ የሚጠቅመን ለዚህ ነው።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ረግረጋማው መሬት ለእርሻ ሲባል ውሃው እየተጠነፈፈ ባለበት ጊዜ ድርቅ ተጨመረበትና ዳክዬውና ዝይው ተመናመነ። ምክር ቤቱ በ1929 ለወፎች መጠለያ የሚሆን መሬት እንዲገዛ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ቋሚ ገንዘብ ግን አልመደበለትም። ሕጉ ኪሱ ባዶ ሆኖ አምስት ዓመት ተቀመጠ። በማርች 1934 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት አዲስ ሕግ ፈረሙ፤ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው የዳክዬና የዝይ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ የአንድ ዶላር ቴምብር እንዲገዛ የሚያስገድድ።

በወቅቱ የዱር እንስሳቱን መሥሪያ ቤት ይመራ የነበረው ጄይ ኖርውድ ዳርሊንግ በሙያው የጋዜጣ ካርቱኒስት ነበር። የመጀመሪያውን ቴምብር ሥዕል ራሱ ሠራው፤ ከላውንድሪ በመጣ የሸሚዝ ካርቶን ላይ ነው የነደፈው ይባላል። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ሁለት ዳክዬዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ውሃ ላይ ሊያርፉ ሲወርዱ ይታያል። በመጀመሪያው ዓመት ከ635 ሺህ በላይ ተሸጠ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጠመንጃ ይዘው የማያውቁ ሰዎች ቴምብሩን ለውበቱ ይገዙት ጀመር፤ ቴምብር ሰብሳቢው፣ ወፍ ተመልካቹ። ከ1949 ጀምሮ ሥዕሉ ለሁሉም ሠዓሊ ክፍት በሆነ ውድድር ይመረጣል። አሸናፊው ከመንግሥት የገንዘብ ሽልማት አያገኝም፤ ሆኖም ለክብሩ የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው። ቆይቶ ለተማሪዎች የሚሆን ሌላ ቴምብር ተጨመረ። ዛሬ ዋጋው 25 ዶላር ደርሷል፤ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለወፎች መኖሪያ ይውላል፤ እስካሁንም ከ2.4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተጠብቆበታል። ገዢው ገንዘቡ የት እንደሚገባ ያውቃል፤ እኔ እንደማምነው ገዢዎቹን ያበዛውም ከሥዕሉ ይልቅ ይኸው ነው።

እኛ በሥዕል አንታማም። በ1919 (እ.ኤ.አ.) የወጡት ቴምብሮቻችን ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎንና ዝሆን ነበረባቸው። ቀይ ቀበሮና ዋሊያም በኋላ ታትመዋል። በቴምብር ገንዘብ ማሰባሰብም አዲሳችን አይደለም፤ በ1951 (እ.ኤ.አ.) ከመደበኛው ዋጋ በላይ ጥቂት ሳንቲም ተጨምሮባቸው፣ ጭማሪው ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የዋለ ቴምብሮች ወጥተው ነበር። ሁለቱን፣ ሥዕሉንና ጭማሪውን፣ ለእንስሳቱ መኖሪያ ብናገናኛቸው ምን ይከለክለናል?

እዚሁ ሰሜን ወሎ ውስጥ አቡነ ዮሴፍ አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ የአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠብቀው። አሜሪካውያኑ መጀመሪያ ያስከፈሉት ከወፉ ተጠቃሚ የሆነውን ነው። እኛም ከግራና ገበሬ መጀመር የለብንም፤ እሱ ከማሽላው ላይ ለወፍ ከበቂ በላይ ከፍሏል። መጀመሪያ የሚከፍለው ላሊበላን ሊሳለም ወይም ሊጎበኝ መጥቶ ተራራውንም የሚወጣው እንግዳ፣ አስጎብኚ ድርጅቱ፣ ሆቴሉ ይሁን። የወልድያና የመርሳ ተማሪዎች በሥዕሉ ይወዳደሩ፤ ያኔ ቴምብሩን የሚገዛ አባትና አጎት አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን ከአሜሪካ እንዳለ መቅዳት አንችልም። እነሱ በቴምብሩ ገንዘብ መሬት ይገዛሉ፤ በእኛ አገር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገንዘቡ መድረስ ያለበት ተራራው ላይ በጎቹን ለሚያሰማራው፣ ጓሳ ለሚያጭደው ሰው ነው፤ ግጦሹን ለቀበሮው ሲል በተወበት በዚያው ዓመት፣ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ተቆጥሮ፣ በእጁ።